ሃመራችን 205 ሜትር ላይ ተያዘ፦ ሃይድሮሊክ ጃር ላስመጣ ወይስ በክሪክ ልሞክር?

ቆፋሪው አዳማ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መስመር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ለአንድ ቀበሌ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ እየቆፈርን ነው። ትናንት ከሰዓት 205 ሜትር ላይ ስንደርስ ኮምፕረሰሩ በድንገት ጠፋ። የናፍጣ ፊልተሩ ተደፍኖ ነበር። አጽድተን እስክናስነሳው ድረስ ሃመሩ (ከፓይፑ ጫፍ ሆኖ በአየር ኃይል ድንጋዩን የሚመታው መሣሪያ) ተይዟል። አይዞርም፣ አይወጣም፣ አይወርድም። አየር ስንሰጠው ጌጁ ይወጣል እንጂ ከጉድጓዱ አፍ ምንም አይመለስም።

ዝርዝሩ ይኸውላችሁ። ቢቱ (ከሃመሩ ጫፍ ያለው መቁረጫ) 10 ኢንች ነው፤ 254 ሚሊ ሜትር። ድሪል ፓይፑ 4 ተኩል ኢንች፣ የግድግዳው ውፍረት 8.6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ መጋጠሚያው ከፓይፑ ጎልቶ የማይወጣ ዓይነት። ኬዚንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፍ ቱቦ) ያገባነው ላዩን 42 ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ባዶ ጉድጓድ። ከላይ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና አመድ፣ ቀጥሎ ኢግኒምብራይት (የጠጠረ የእሳተ ገሞራ አመድ)፣ ከ150 ሜትር ጀምሮ ባዛልት። ከ188 እስከ 196 ሜትር ልል የሆነ ቀይ ስኮሪያ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አልፈናል። ውሃው 120 ሜትር ላይ ቆሟል። ኮምፕረሰሩ በደቂቃ 28 ሜትር ኩብ አየር ይሰጣል።

ሪጉ (የመቆፈሪያ ማሽኑ) 25 ቶን ይስባል። እስካሁን ጌጁ 18 ቶን እስኪያሳይ ስበናል፤ የፓይፑና የሃመሩ የራሱ ክብደት ከዚያ ውስጥ 5 ቶን ያህል ነው።

አንድ ወዳጄ በነዳጅ ቁፋሮ ላይ የሚጠቀሙበትን ሃይድሮሊክ ጃር (የተያዘን ፓይፕ በድንገተኛ ምት የሚያስለቅቅ መሣሪያ) ከጎረቤት አገር ተከራይተህ አስመጣ አለኝ፤ ኪራዩ በዶላር ነው። እዚህ አዳማ ደግሞ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ የእያንዳንዱ ዲያሜትር 150 ሚሊ ሜትር የሆነ ትልቅ ሃይድሮሊክ ክሪክ ያለው ጋራዥ አግኝቻለሁ። የትኛውን ልያዝ? ሃመሩና ቢቱ ብቻቸውን ብዙ ገንዘብ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ግን ቀበሌው ውሃ እየጠበቀ ነው።

---

አንጋፋ ሪገር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ወንድሜ፣ አይዞህ። በመጀመሪያ ሪጉን መሳብ አቁም። ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ከላይ የወደቀ ልቃሚ (በቁፋሮው የተፈጨ የድንጋይ ጥራጊ) ሃመሩን ጨብጦት ከሆነ፣ በሳብከው ቁጥር ልቃሚውን እያጠበቅከው ነው። ጌጁን ከክብደቱ ጥቂት ከፍ አድርገህ ተወው።

ጃሩን በተመለከተ፣ እኔ ጃር ያየሁት በጂኦተርማል ቁፋሮ ነው። አሉቶ ላንጋኖ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1986 ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ ከ2,000 ሜትር ያለፉ አሉባቸው፣ ሙቀቱም ከ300 ዲግሪ በላይ የደረሰበት አለ። እናንተው ሰፈር፣ ቱሉ ሞዬ ላይ፣ የኬንያው ኩባንያ ኬንጄን እ.ኤ.አ. በ2020 ቁፋሮ ጀምሯል። በዚያ ዓይነት ጥልቀት ጃር ከመጀመሪያውኑ ከቢቱ በላይ ከከባድ ፓይፖች ጋር ተገጥሞ ይወርዳል። ሲያዝ እዚያው ስለሆነ ወዲያው ይመታል።

አንተ ጋ ግን ፓይፑ አስቀድሞ ተይዟል። ጃሩ ነገ ቢመጣ የት ታስገባዋለህ? መጀመሪያ ከተያዘበት ቦታ በላይ ያለውን ፓይፕ በግራ ዙር ፈትተህ ማውጣት አለብህ። ከዚያ በታፕ (ከውስጥ በሚነክስ መያዣ) ወይም በኦቨርሾት (ከውጭ በሚነክስ) የቀረውን ይዘህ፣ ከላዩ ጃር፣ ከጃሩ በላይ ከባድ ፓይፕ አድርገህ እንደገና ትወርዳለህ። ኪራዩን ከማሰብህ በፊት ይህን አስብ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። ጃር የራሱ ጉልበት የለውም። የሚመታበትን ጉልበት የሚያገኘው ከተለጠጠው ፓይፕ ነው፤ ነገሩ እንደ ወንጭፍ ላስቲክ ነው፣ ላስቲኩ አጭር ከሆነ ድንጋዩ ሩቅ አይሄድም። ያንተን ፓይፕ አስላው። የብረቱ የመስቀለኛ ስፋት 2,840 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከክብደቱ በላይ 20 ቶን ብትስበው 200 ሜትር ፓይፕ የሚለጠጠው 7 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያው ፓይፕ 2,000 ሜትር ቢሆን 67 ሴንቲ ሜትር ይለጠጥ ነበር። የተጠራቀመው ጉልበት የኃይሉና የልጠጣው ብዜት ግማሽ ስለሆነ፣ አንተ ጋ ወደ 6,500 ጁል ሲሆን እዚያ 65,000 ነው።

በዚህ ላይ፣ ጃሩ ከተለቀቀ በኋላ መዶሻው መስፉን እስኪመታ የሚጓዘው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከ10 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ያንተ ፓይፕ 7 ሴንቲ ሜትር ተመልሶ ውጥረቱን ይጨርሳል። መዶሻው መስፉ ጋ ሲደርስ የሚገፋው ነገር አልቋል ማለት ነው።

ስለዚህ የዶላሩን ኪራይ እርሳው። ፓይፑ የት ድረስ ነፃ እንደሆነ ለክተህ ንገረን። አለካኩን ታውቀዋለህ?

---

ቶሎ ፍታው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ይህን ሁሉ ስሌት ምን አመጣው? ክሪኩ ባለ ሁለት ሲሊንደር ከሆነ 70 ቶን ያወጣል። መሬት ላይ ቁጭ አድርገህ እስኪወጣ ግፋው። ከዚያ በፊት አንድ በርሜል ናፍጣ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ቀላቅለህ ከላይ አፍስስ፣ ያለሰልሰዋል። እኛ ሁሌ የምናደርገው ይህንን ነው።

---

ውሃ ጥራት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ናፍጣ እንዳታደርግ! የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ነው። ናፍጣ ስኮሪያው ቀዳዳ ውስጥ ከገባ በፓምፕ ታጥቦ የሚወጣ አይደለም፤ ሽታው ብቻውን ሕዝቡን ከቧንቧው ያርቀዋል። በነዳጅ ቁፋሮ ፓይፕ ሲጣበቅ ዘይት የሚያወርዱት በጭቃ በሚቆፈር ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እዚያ ፓይፑን የያዘው በጭቃው ክብደት ግድግዳው ላይ መለጠፉ ነው። እዚህ የያዘው ድንጋይ ነው፣ ድንጋይን ዘይት አያሟሟውም። የሚያስፈልጋችሁ የቁፋሮ ፎምና ውሃ ነው። ለመጠጥ ውሃ ጉድጓድ የሚሆነውን፣ ሲቆይ የሚበሰብሰውን ምረጡ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ ወንድሜ። የዚህን ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ለክታችኋል? በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናችሁ። በወንጂ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ በሰው ጥርስና አጥንት ላይ ያደረሰው ጉዳት ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ለማዳን ስንት ገንዘብ እንደሚገባ ከመወሰናችሁ በፊት ውሃው የሚጠጣ መሆኑን ማወቅ ይገባችኋል።

---

ቆፋሪው አዳማ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

አመሰግናለሁ እህቴ። 140 ሜትር ላይ በነበርንበት ጊዜ የወሰድነው ናሙና 1.1 ነበር። ለዚህ ነው ልተወው የማልፈልገው። በዚህ አካባቢ ከ1.5 በታች ማግኘት ቀላል አይደለም።

ጋሼ ሪገር፣ አለካኩን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ናፍጣው ቀርቷል።

---

የ4ኛ ዓመት ተማሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ይቅርታ፣ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ሜካኒካል ምህንድስና። በንድፈ ሐሳብ ስለ ጃር ተምረን አናውቅም። ሃይድሮሊክ የተባለው ለምንድን ነው? ከላይ የሚመጣ የዘይት ቱቦ አለው እንዴ? ደግሞስ ለአጭር ጉድጓድ የሚሆን መፍትሔ የለውም?

---

ሃይድሮሊክ ጥገና
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ወንድም ተማሪ፣ ጥሩ ጠየቅህ። ከላይ የሚመጣ ቱቦ የለውም። ዘይቱ ውስጡ ታሽጎ ነው የሚወርደው።

ጃር ሁለት ነገር ነው፦ ከላይኛው ፓይፕ ጋር የተያያዘ የውስጥ ዘንግና ከታችኛው ጋር የተያያዘ የውጭ ቱቦ። በመካከላቸው በዘይት የተሞላ ክፍል አለ፤ ዘንጉ ላይ ያለው ፒስተን ከክፍሉ ግድግዳ ጋር በጣም ተጠጋግቶ ይሄዳል። ፓይፑን ወደ ላይ ስትስበው ዘንጉ መውጣት ይፈልጋል፣ ዘይቱ ግን በጠባብ ቀዳዳ በኩል ብቻ ስለሚያልፍ አይለቀውም። ዘንጉ ቀስ እያለ ይንፏቀቃል። በዚህ መሃል ኦፕሬተሩ ከላይ የፈለገውን ያህል ውጥረት ሰጥቶ ፍሬን ይዞ ይጠብቃል። ፒስተኑ ክፍሉ ሰፋ ያለበት ቦታ ሲደርስ ዘይቱ በጎኑ በአንዴ ያልፋል፤ ያን ጊዜ የሚይዘው ስለሌለ ዘንጉ ይወረወራል፣ መዶሻው መስፉን ይመታል። መልሶ ለመጫን ፓይፑን ወደ ታች ለቀቅ ማድረግ ነው።

ዘይት የተፈለገበት ምክንያት ይኸው መዘግየት ነው። በሜካኒካል ጃር የሚለቅበት ኃይል አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በሃይድሮሊኩ ግን ብዙ ከሳብክ ብዙ ይመታል፣ ጥቂት ከሳብክ ጥቂት፤ ምርጫው ኦፕሬተሩ እጅ ላይ ነው። በተደጋጋሚ ሲመታ ዘይቱ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን መዘግየቱ ያጥራልና ኦፕሬተሩ በቂ ሳይስብ ይለቅበታል። ለዚህ ነው መሃል ላይ የሚያሳርፉት። ጋሼ ሪገር ባነሷቸው ሙቅ ጉድጓዶች ውስጥ ደግሞ የጃሩ ሲል (ዘይቱን የሚያሽገው ጎማ) ራሱ አደጋ ላይ ነው፤ ጭቃው እየዞረ እስካለ ያቀዘቅዘዋል፣ ፓይፑ ተይዞ ጭቃው ሲቆም ግን ሙቀቱ ይመለሳል፣ ጎማውም ይበላሻል።

ለአጭር ጉድጓድ ያልከው መፍትሔ አለው፤ አክሰለሬተር ይባላል። ከጃሩ በላይ ከከባዶቹ ፓይፖች ቀጥሎ ይገባል። ውስጡ የሚታመቅ ፈሳሽ ወይም ጋዝ አለ። ፓይፑ ሊለጠጥ ያልቻለውን እርሱ ታምቆ ያጠራቅመዋል፤ ጃሩ ሲለቅ ከባዶቹን ፓይፖች ወደ ላይ ይወረውራቸዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ዕቃ፣ ከባዶቹ ፓይፖች ጭምር፣ አዳማ ላይ የለም። ሌላ ጉዳይ ደግሞ የውሃ ሪግ ማስቱ (ፓይፑን የሚሸከመው ቋሚ ምሰሶ) ለዚያ ድንጋጤ የተሠራ አይደለም።

ስለ ክሪኩ ማታ እጽፋለሁ፤ አሁን ሥራ ላይ ነኝ። ቆፋሪው፣ እስከዚያ ክሪኩን እንዳትነካው።

---

ሮክ ሎግ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጂኦሎጂስት ነኝ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ጉድጓድ መዝግቤያለሁ። ሁላችሁም ስለ ማውጫው እያወራችሁ ነው፣ እኔ የያዘውን ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም መፍቻው ከእርሱ ይመጣል።

ኮምፕረሰሩ ስለጠፋ ብቻ አይደለም የተያዘው። በ254 ሚሊ ሜትሩ ጉድጓድና በ114 ሚሊ ሜትሩ ፓይፕ መካከል ያለው ክፍተት 0.04 ካሬ ሜትር ነው። 28 ሜትር ኩብ አየር በዚያ ክፍተት ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 11.5 ሜትር ገደማ ነው። በደረቅ አየር ልቃሚ ለማውጣት ደግሞ ቢያንስ 15 ያስፈልጋል። ለዚህ ጉድጓድ 36 ሜትር ኩብ አየር ያሻችሁ ነበር። አዳማ ከባህር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ከባህር ጠረፉ አንድ ስድስተኛ ያህል ስስ ስለሆነ ድንጋይ የማንሳት አቅሙም በዚያው ያንሳል።

በዚህ ላይ ከ188 እስከ 196 ሜትር ስኮሪያ አለ። ስኮሪያ እንደ ወንፊት የተበሳ ነው፤ ከአየራችሁ ከፊሉ ወደ ጎን ገብቶበት ቀርቷል። ስለዚህ ከዚያ በላይ ፍጥነቱ ይበልጥ ወርዷል። ቀላሉ ብናኝ ወጥቶላችሁ ሳለ ከባዱ የባዛልት ጥራጊ ከስኮሪያው በላይ እየተንሳፈፈ ሲጠራቀም ነበር ብዬ አምናለሁ። አየሩ ሲቆም ሁሉም በአንድ ጊዜ ሃመሩ ትከሻ ላይ ወረደ፤ የስኮሪያው ግድግዳም ተጨምሮበት ይሆናል።

ይህ ከሆነ ችግሩ አሸዋና ጠጠር ነው። ጠጠር የሚፈታው ከመሃሉ ውሃና አየር ሲያልፍ ነው፤ መሳብ ብቻውን ያጠብቀዋል። ጃር ቢኖራችሁም ኖሮ መምታት የነበረባችሁ ወደ ታች ነው። ወደ ላይ ሲሄድ ወይም እንደ እናንተው ቆሞ ሳለ የተያዘ ወደ ታች ይመታል፣ ወደ ታች ሲሄድ የተያዘ ወደ ላይ።

ልቃሚው ምን ያህል ከፍታ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። የልጠጣው ልኬት እርሱን ይነግረናል። ጋሼ፣ ይቀጥሉ።

---

አንጋፋ ሪገር
ረቡዕ፣ ከሰዓት 7፡30

ትክክል ነሽ ልጄ፣ እኔም እንደዚያ ነው የጠረጠርኩት።

አለካኩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ፓይፑን ስበህ ልቀቀው፣ እንደገና ስበህ ልቀቀው፤ መላላቱ ይውጣለት። ከዚያ ጌጁን 8 ቶን ላይ አቁመህ ከሪጉ ጋር በማይነካካ፣ መሬት ላይ በቆመ ብረት አጠገብ ፓይፑን በመጋዝ ስለት ጫር አድርገው። ማስቱ ራሱ ስለሚጎብጥ ከሪጉ ላይ አትለካ። ቀጥለህ 18 ቶን ላይ አድርሰህ ጭረቱ ምን ያህል እንደወጣ ለካ። ወደ ላይ ስትሄድም ወደ ታች ስትመለስም ለካና አማካዩን ያዝ፤ ፓይፑ ግድግዳ ላይ የሚፋተገው በዚያ ይጠፋፋል።

በ10 ቶን ጭማሪ፣ ላንተ ፓይፕ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ልጠጣ ማለት 6 ሜትር ነፃ ፓይፕ ማለት ነው። የለካኸውን በ6 አባዛው፣ ነፃው ርዝመት ይወጣል።

---

ቆፋሪው አዳማ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡50

ለካን። በአማካይ 30 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ 180 ሜትር ነፃ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ተጨብጧል። ሃመሩ አናት 203 ላይ ስለሆነ ከላዩ 23 ሜትር ልቃሚ አለ ማለት ነው። ሠራተኞቹ ሁሉ ሃመሩ ብቻ የተነከሰ መስሏቸው ነበር።

---

ሮክ ሎግ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 11፡05

23 ሜትር በ0.04 ሲባዛ ወደ 0.9 ሜትር ኩብ ይመጣል። ይህን ያህል ጠጠር በጉልበት አይሳብም። ታጥቦ ነው የሚወጣው። 1 ኢንች ፓይፕ ከድሪል ፓይፑ ጎን አውርዳችሁ በፎምና በአየር እጠቡት። ክፍተቱ ይበቃል፤ ፓይፓችሁ መጋጠሚያው ስላልጎላ ታድላችኋል።

---

ሃይድሮሊክ ጥገና
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ይህ ልኬት ነገሩን ግልጽ አድርጎታል። አሁን ክሪኩ ሥራ አለው፣ ግን የቶሎ ፍታው ወንድማችን ባሰበው መንገድ አይደለም። የክሪኩ ሥራ ውጥረት ይዞ መጠበቅ ነው፤ የሚፈታው አጠባው ነው።

የሲሊንደሮቹን ዲያሜትር 150 ሚሊ ሜትር ብለኸኛል። ሁለቱ በአንድ ላይ 35,300 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። 200 ባር ብትሰጣቸው 72 ቶን ይገፋሉ። በአዲስ ጥሩ ብረት የተሠራ የፓይፕ አካል ያንን ይችል ይሆናል፤ ያረጀ መጋጠሚያ ግን አይችልም፣ የሚበጠሰውም መጋጠሚያው ላይ ነው። ከተበጠሰ ደግሞ 180 ሜትር ፓይፕ ከያዘው ጉልበት ጋር ወደ ላይ ይወረወራል። አምራቹ ለመጋጠሚያው የጻፈውን ቁጥር ፈልግ፤ ጥርሱ የተበላ ከሆነ ግማሹን እንኳ አትጠጋ። ላንተ 60 ባር ላይ ቁም። 22 ቶን ያህል ነው፤ የፓይፑ የራሱ 5 ቶን በዚያ ውስጥ ስላለ በልቃሚው ላይ የሚያርፈው 17 ቶን ገደማ ይሆናል።

ለምን በሪጉ አልስብም ትል ይሆናል። ሪጉ ሲስብ ጭነቱን የሚሸከመው ማስቱ ነው፤ ሰዓታት ሙሉ በውጥረት ማቆም ለማስቱም ለፍሬኑም ደግ አይደለም። ክሪኩ ግን ጭነቱን ወደ መሬት ያወርዳል፣ ቫልቩን ዘግተህ ትተወዋለህ፣ ጌጁ ደግሞ ታች ያለውን ሁሉ ይነግርሃል።

ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ አደራ በሉልኝ።

ክሪኩ የሚያርፍበት መሬት ፑሚስ ነው፤ ይሰምጣል። አንድ ወገን ቢሰምጥ ክሪኩ ያዘነብላል፣ ፓይፑን ያጎብጣል። ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ በሁለት ድርብ አነባብረህ፣ በላዩ የብረት ምሰሶ አጋድመህ፣ ቢያንስ 3 ካሬ ሜትር ላይ አሳርፈው። ያን ጊዜ በካሬ ሜትር 7 ቶን ያህል ይሆናል።

ፓይፑን የሚነክሰውን ክላምፕ በሰንሰለት እሰረው። ፓይፑ በድንገት ሲለቅ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይዘላል፤ ክላምፑ ካልታሰረ ሰው ይመታል። የሪጉን መንጠቆም አትፍታ፤ ላላ አድርገህ ተወው፣ የነቀለውን ፓይፕ እንዲይዝ።

ውጥረት ላይ እያለ ማንም ሰው አጠገቡ አይቁም። ፓምፑን ከሩቅ በረጅም ሆዝ አንቀሳቅሰው። የሆዙን መጋጠሚያ በእጅ የሚዳስስ ሰው እንዳይኖር፤ በ60 ባር የሚረጭ ዘይት ቆዳ ይበሳል።

---

ቶሎ ፍታው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

እሺ፣ ስለ መጋጠሚያው ያላችሁት ትክክል ነው። እኛ ጋ የምንጠቀመው ወፍራም ፓይፕ ነው። ግን ካልተሳካስ? ዕድሜ ልኩን ሲያጥብ ይኖራል?

---

አንጋፋ ሪገር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ካልተሳካ ፓይፑን ከነፃው ቦታ በግራ ዙር ፈትቶ 180ውን ሜትር ማትረፍ ነው። ሃመሩንና ጥቂት ፓይፕ ትቶ ከጎን አዲስ ጉድጓድ መጀመር ብዙ ጊዜ ከፊሺንግ (የቀረ ዕቃን ከጉድጓድ ከማጥመድ) ይረክሳል። ሰው ሳይጎዳ፣ ማስት ሳይወድቅ ዕቃ ጥሎ መሄድ ነውር አይደለም። መጀመሪያ ግን አጠባውን ይሞክር፤ 1.1 ፍሎራይድ ያለው ውሃ እንዲሁ የሚጣል አይደለም።

ቆፋሪው፣ አንድ ነገር አስምርበት። የማጠቢያው ፓይፕ ጉድጓዱ ውስጥ እያለ ድሪል ፓይፑን እንዳታዞር፤ ይጠመጠምበታል፣ ያን ጊዜ ሁለት የተያዘ ዕቃ ይኖርሃል። ልቃሚው መልቀቁን ስታይ ማጠቢያውን መጀመሪያ አውጣ።

---

ቆፋሪው አዳማ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡10

ሃመሩ ወጣ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተም ተባረኩ።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው ይጠቅመዋል። ክሪኩን በባሕር ዛፉ ላይ አሳረፍን፣ 60 ባር ሰጥተን ቫልቩን ዘጋን። 1 ኢንቹን ፓይፕ በቀስታ አወረድነው። 178 ሜትር ላይ ነካ። ስሌቱ 180 ብሎን ነበር! ሠራተኞቹ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ ማንም «በርታ፣ ሳበው» ያለ የለም።

ፎሙን ወፈር አድርገን፣ አየሩን በቫልቭ ቀነስ አድርገን ማጠብ ጀመርን። መጀመሪያ ግራጫ የባዛልት ጥራጊ ወጣ፣ ብዙ። ከ188 በታች ቀይ መጣ፤ የስኮሪያው ግድግዳ ተደርምሶ ነበር፣ እህታችን ሮክ ሎግ እንዳለችው። እንደ ጥፍር ያለ ጠጠር ሁሉ ነበረበት። ማጠቢያው 197 ላይ ሲደርስ በድሪል ፓይፑ በኩል የምንሰጠው አየር ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ተመለሰ። ወዲያው ጌጁን ሳይ ከ60 ወደ 15 ባር ወርዷል። ሰንሰለቱ ጮኸ፣ ክላምፑ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

15 ባርን አስልቼው 5.4 ቶን ሆነ። የፓይፑና የሃመሩ ክብደት ብቻ ነው። ሌላ የያዘው ነገር የለም ማለት ነው።

ማጠቢያውን እስከ ላይ አወጣን። ከዚያ አየር እየሰጠን ቀስ አድርገን ወደ ቀኝ አዞርነው። ከብዶ ዞረ፣ ቀጥሎ ቀለለ። አንድ በአንድ አወጣነው።

ቢቱ ላይ ጥቂት ጥርሶች ወልቀዋል። ሃመሩ ደህና ይመስላል፣ ግን ገና አልፈታነውም።

---

ሃይድሮሊክ ጥገና
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡40

እንኳን ደስ አላችሁ! ሃመሩን ሳትፈታው አየር እንዳትሰጠው። ውስጡ ደቃቅ አሸዋ ገብቶ ከሆነ ፒስተኑን ይፍቀዋል። ፍታው፣ እጠበው፣ ዘይት ቀብተህ ግጠመው።

ከሃመሩ በላይ ያሉትን የመጨረሻዎቹን ፓይፖች ለብቻ አስቀምጥ። ልቃሚው የጨበጠው እነሱን ነው፤ ስትስብም፣ በጉልበት ለማዞር ስትሞክርም መጋጠሚያዎቻቸው ተጎድተው ይሆናል። ጥርሳቸው ሥር የፀጉር ስንጥቅ ሊኖር ይችላል፣ በዓይን አይታይም። ቶርኖ ቤት የቀለም ምርመራ የሚሠሩ ካሉ አሳይ። ከሌሉ እስኪመረመሩ ድረስ ለብቻ ይቀመጡ።

---

ሮክ ሎግ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡00

በጣም ደስ ብሎኛል። ግን እንደነበረው ከቀጠላችሁ ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ። ስኮሪያው አሁን ሰፍቷል፣ አየራችሁ ይበልጥ ይጠፋበታል። ሁለት ምርጫ ይታየኛል፦ ወይ ስኮሪያውን በኬዚንግ ሸፍኖ በጠበበ ቢት መቀጠል፣ ወይ ከአሁን ጀምሮ እስከ መጨረሻው በፎም መቆፈር። ፎም ሲገባ ልቃሚው በጣም ባነሰ የአየር ፍጥነት ይወጣል፣ አየር ሲቆምም ወዲያው አይወርድም፤ ያ ጊዜ ይሰጣችኋል። በጀቱ ከፈቀደ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ቢቱ ሲጠብ ክፍተቱም ስለሚጠብ ያው 28 ሜትር ኩብ አየር ይበቃችኋል።

አዲስ ቢት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከኋላው ጥርስ ያለውን ጠይቁ። ወደ ላይ ሲወጣም እየቆረጠ ነው።

---

የ4ኛ ዓመት ተማሪ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡30

ጋሼ ሪገር፣ አንድ ሚሊ ሜትር 6 ሜትር ነው ያሉትን ራሴ ሠርቼ አገኘሁት። ብረቱ ልጠጣን የሚቋቋምበትን መጠን በካሬ ሚሊ ሜትር 207,000 ኒውተን ይዤ፣ በ2,840 አባዝቼ፣ ለ98,000 ኒውተን ሳካፍለው 5,999 ሚሊ ሜትር መጣ። ለመመረቂያ ሥራዬ ለአጫጭር ጉድጓዶች የሚሆን አክሰለሬተር እዚሁ በቶርኖ ሊሠራ ይችል እንደሆነ ማጥናት እፈልጋለሁ። ይሆናል ይላሉ?

---

አንጋፋ ሪገር
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡15

ልጄ፣ ጎበዝ። አካሉ በቶርኖ ይሠራል። የሚያስቸግርህ ሲሉና የብረቱ ጥራት ነው፤ በዚያ ግፊት የሚታመቅ ፈሳሽ ይዞ፣ በላዩ ድንጋጤ ችሎ፣ የማያፈስ ሲል እንደ ልብ አይገኝም። ከፈሳሽ ይልቅ የተደራረበ የብረት ምንጭ ተጠቅመህ ጀምር፤ ቢያረጅ ትቀይረዋለህ፣ ቢሰበር አይፈነዳም። በወረቀት ስትሠራው ደግሞ መጀመሪያ ማስቱን አስላ። መሣሪያው የሚሰጠው ምት ወደ ላይም ይመለሳል፣ የሚቀበለው ያ ማስት ነው።

---

ቆፋሪው አዳማ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡50

ከቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ጋር ተነጋግረን በሮክ ሎግ ሐሳብ ተስማምተናል፤ እስከ 198 ሜትር 8 ኢንች ኬዚንግ ይገባል፣ ከዚያ በ6 ተኩል ቢት እንቀጥላለን። የታችኞቹ ፓይፖች ቀይ ቀለም ተቀብተው ለብቻ ተቀምጠዋል። ኮምፕረሰሩ ላይ ሁለተኛ የናፍጣ ፊልተር አስገጥመናል፤ አንዱ ሲደፈን ማሽኑን ሳናጠፋ ወደ ሌላው እናዞረዋለን።

ውሃ ጥራት እህቴ፣ ውሃው ሲጠራ ናሙናውን ይዤ እመጣለሁ፤ የት ላድርስልሽ?